ስድቡን አራት ገጽ፣ ስኳሩን ሁለት መስመር

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? 27 ዓመቴ ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከጓደኛዬ ጋር ተከራይቼ እኖራለሁ። ገላን አንድ ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ስቶር ኪፐር ነኝ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ሥራውን እወደዋለሁ። ሰዎቹን ነው ያልቻልኳቸው።

የሺፍት ኃላፊው መናገር አይችልም፤ መጮኽ ብቻ ነው። የማሸጊያ ፕላስቲክ ትንሽ ከዘገየ በቀን ሠራተኞቹ ፊት 'አንቺ ደንቆሮ' ይለኛል። ባለፈው የወጪ ቫውቸሩን ጥራዝ ከእጄ ነጥቆ መሬት ላይ ወረወረው። ቁጭ ብዬ ለቀምኩት።

ሁለተኛዋ ክፍያ ክፍል የምትሠራ ሴትዮ ናት። በዕድሜ እናቴ ትሆናለች። ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ ከኋላዬ ትቀመጥና ትጀምራለች። ስለ ጫማዬ፣ ስለ አነጋገሬ፣ ስላላገባሁ። ስሜን አትጠራም፤ 'አንዳንዱ ሰው' ነው የምትለው። ሰርቪሱ በሙሉ ይስቃል። እንዳልመልስላት የሰርቪሱ ዕቁብ ሰብሳቢ እሷ ናት፣ የኔ ዕጣ ደግሞ ገና አልወጣም። መጋቢት ላይ እናቷ ሞተው ሁሉም ለቅሶ ሲሄድ እኔ ቀረሁ። ደክሞኝ ነበር፤ ደግሞስ ምን ብዬ ፊቷን አያለሁ? ከዚያ ወዲህ ብሶባታል።

ደግ ሰው ቢኖር የግዥ ክፍሉ ልጅ ብቻ ነው። 'እህቴ' እያለ ነው የሚያናግረኝ፤ ለእህት ኩባንያው በውሰት ስኳር ሊወስድ ሲቸኩል አንዳንዴ ያለ ወረቀት አወጣለታለሁ፣ ወረቀቱን በኋላ አመጣልሻለሁ ይለኛል።

ጓደኛዬ 'ልክ ልካቸውን ነግረሽ ልቀቂ' ትለኛለች። ነገ ልልቀቅ? ወይስ ጥርሴን ነክሼ ልቀመጥ?

የጨነቃት፣ ከኮዬ ፈጬ»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው አብሬሽ ተናደድኩ። በሁለተኛው እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ለሺፍት ኃላፊው አንድ ገጽ ተኩል ሰጥተሽዋል። ለሴትዮዋ ሁለት ገጽ ተኩል። (እዚህ ያወጣነው በጣም አሳጥረን ነው፤ የጫማው ጉዳይ ብቻውን ግማሽ ገጽ ነበር።) ስለ ስኳሩ የጻፍሽው ሁለት መስመር ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ሁለት መስመር ነው።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። እኔም ስቶር ሠርቻለሁ። ቃሊቲ አካባቢ፣ ስሙን በማልጠራው ፋብሪካ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ያኔ 24 ዓመቴ ነው። እኛም እንደ እናንተ ጯሂ ነበረን፤ የጥገና ክፍል ኃላፊ። እሱ በር ሳይከፍት ድምፁ ቀድሞ ይገባል። እሱን ስፈራ፣ እሱን ሳማ፣ ሌሊት በሕልሜ ስመልስለት ሁለት ዓመት አለፈ።

በዚህ መሃል አንድ ጨዋ፣ ትሁት ልጅ ነበር። «እህቴ» ነበር የሚለኝ። በጥር ዓርብ ዓርብ ከዱከም መንገድ የሽምብራ እሸት ገዝቶ ያመጣልኛል። ጯሂው አስለቅሶኝ ሲወጣ እሱ እሸቱን ይዞ ይገባል። «ተይው፣ የቤቱን ንዴት ነው» ይለኛል። ከዚያ እግረ መንገዱን፣ «አንድ ጣሳ ቀለም ላውጣ፣ ወረቀቱን ከሰዓት አመጣልሻለሁ» ይላል። እሸቴን እየፈለፈልኩ «እሺ» እላለሁ።

ሰኔ 30 ቆጠራ መጣ። የዕቃ መመዝገቢያ ካርዱ ሌላ ይላል፣ መደርደሪያው ሌላ። ጉድለቱ በኔ ፊርማ ላይ ቁጭ አለ። ሰባት ወር ሙሉ ከደሞዜ ተቆረጠ። ልጁ ቆጠራው ሳይደርስ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ወጥቶ ነበር። መሸኛ ሲደረግለት እኔም አዋጥቻለሁ። እስካሁን ከሁሉም የምታናድደኝ እሷ ያዋጣኋት ብር ናት።

ጯሂውስ? አጣሪዎቹ ፊት «ይቺ ልጅ ዝርክርክ ናት እንጂ ሌባ አይደለችም!» ብሎ የተሟገተልኝ እሱ ነው። ያውም እየጮኸ።

ይሄን ያወራሁሽ ጯሂ ሁሉ ልበ ንጹሕ ነው ለማለት እንዳይመስልሽ። «አፉ ነው እንጂ ሆዱ ባዶ ነው» የሚለውን ማጽናኛ አልወደውም። አፍም ብቻውን ሰው ያደማል። ግን መሥሪያ ቤት ውስጥ ክፉ ሰው ስንፈልግ ጆሯችንን ብቻ ነው የምናምነው። የጮኸብንን እንመዘግባለን፣ ያለሳለሰንን እናልፈዋለን። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ የሚባለው ሰው ደሞ ድምፅ የለውም።

ስለዚህ ሰው ሲያስቸግርሽ «ምን አለኝ?» ከማለትሽ በፊት «ምን ወሰደብኝ?» ብለሽ ጠይቂ። የሺፍት ኃላፊው በቀን አሥር ደቂቃ ክብርሽን ይነካል። ሴትዮዋ ጠዋትሽን ትወስዳለች፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ እስከ ፋብሪካው በር። የግዥው ልጅ የሚወስደው ፊርማሽን ነው። ክብርሽን ያስመለስሽ እንደሆነ ይመለሳል። ጠዋትሽም ነገ ሌላ አለ። ፊርማ ግን አንዴ ከወጣ የሚመለሰው ጉድለት ተሸክሞ ነው።

እንግዲህ ከስኳሩ እንጀምር። አሁን ግንቦት ነው፤ ሰኔ 30 ሩቅ አይደለም።

«አንዳንዴ» ብለሻል። አንዳንዴ ስንት ነው? ይሄን ሳታውቂ ምንም አትንኪ። ነገ ጠዋት ከሻይ ሰዓት በፊት የስኳሩን መመዝገቢያ፣ ቢን ካርዱን፣ ይዘሽ ወደ ስኳሩ ቁልል ሂጂ። ጆንያ በጆንያ ቁጠሪ። የታችኛውን ረድፍ ቆጥረሽ በቁመቱ አታባዢ። ቁልል ከፊት ሙሉ መስሎ መሃሉ ክፍት ሊሆን ይችላል፤ በኔ ደርሶ ነው የማውቀው። ካርዱ 212 ብሎ ቁልሉ 203 ከሆነ 9 ጆንያ የለም ማለት ነው። ባለ 50 ኪሎ ከሆነ አራት ኩንታል ተኩል ስኳር ያንቺ ትከሻ ላይ ተቀምጧል።

ቀጥሎ አንድ ጥያቄ። ስኳሩ ከግቢ ሲወጣ ጥበቃው በምን አሳለፈው? ፋብሪካ በር ላይ ያለ መውጫ ወረቀት ባዶ ካርቶን እንኳ አያሳልፉም። የበር መውጫው ላይ የማን ፊርማ አለ? ያንቺ ከሆነ ዛሬውኑ ማወቅ አለብሽ። የሌላ ሰው ከሆነ ነገሩ ከአንድ ልጅ በላይ ነው፤ እንግዲያው የባሰ ፈጥነሽ ነው የምትጽፊው። ጥበቃ ቤት የበር መዝገብ ይኖራል፣ ቀንና ታርጋ የሚጻፍበት። ሄደሽ «አሳዩኝ» አትበይ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ወሬው ግቢውን ይዞረዋል። መኖሩን ብቻ ልብ በይ።

ከዚያ ለልጁ ጻፊለት። አትደውዪ፣ ኮሪደር ላይም አታስቁሚው። በቴሌግራም ጻፊ። ቁጣም ነገርም አይኑርበት። «ሰላም። በዚህ ቀን 3 ጆንያ፣ በዚህ ቀን 2 ጆንያ ስኳር ያለ ወጪ ማዘዣ ወስደሃል። ካርዱን ልዘጋ ስለሆነ እስከ ነገ 6 ሰዓት ማዘዣውን አምጣልኝ።» ይኸው ነው። «እሺ እህቴ፣ አመጣለሁ» ብሎ ከመለሰ፣ ያቺ «እሺ» መውሰዱን በራሱ እጅ የመሰከረባት ናት። ስክሪንሾት አድርገሽ አስቀምጫት። «የቱ ስኳር?» ካለሽም ማን እንደሆነ ነገረሽ።

ልጁ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ስኳሩ በትክክል እህት ኩባንያው ጋር ደርሶ ይሆናል። ጥሩ፤ እንግዲያው ወረቀቱ አይከብደውም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሞዴል 22 የሚባለው የዕቃ ወጪ ወረቀት ሳይቆረጥ ዕቃ አይወጣም። በግል ፋብሪካ የወረቀቱ ስም ሌላ ነው፣ ነገሩ ያው ነው።

ወረቀቱን አመጣም አላመጣም በማግሥቱ ለቅርብ አለቃሽ በጽሑፍ አሳውቂ፣ ግልባጭ ለፋይናንስ። ያለ ማዘዣ የወጣው ይሄን ያህል ነው፤ የወሰደው እገሌ ነው፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ያለ ወረቀት አላወጣም። «ያወጣሁት እኔ ነኝ» የሚለውን እንዳትዘይው። ያማል። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሊያሰጥሽም ይችላል። ግን በግንቦት ራስሽ የተናገርሽው ጥፋትና በሰኔ ሌላ ሰው ያገኘብሽ ጉድለት በአንድ ዓይን አይታዩም። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጂ። አንዱን ስጪ፣ አንቺ ጋ በሚቀረው ላይ የመዝገብ ቤት ማህተምና ቁጥር አስመቺበት። «እኛው በእኛው ነን፣ ምን ያደርጋል» ይሉሻል። ፈገግ ብለሽ አስመቺ።

ጉድለት አለ ብለው ደሞዝሽን በሙሉ መያዝ አይችሉም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከደሞዝ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም አንቺ በጽሑፍ ስትስማሚ ነው። በወር የሚቆረጠውም ከደሞዝሽ ሲሶ አያልፍም። እና ደንግጠሽ «ይቆረጥብኝ» የሚል ወረቀት ላይ አትፈርሚ። እኔ እያለቀስኩ ነው የፈረምኩት፤ ምን እንደሚል እንኳ አላነበብኩም።

አሁን ወደ ጯሂው።

ብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ምድጃው እንደማይቆም ከኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሊጡ በአንድ በኩል ይገባል፣ ብስኩቱ በሌላ በኩል ይወጣል። የማሸጊያ ፕላስቲኩ ሲያልቅ ማሸጊያ ማሽኑ ይቆማል፤ ምድጃው ግን መትፋቱን አይተውም። ብስኩቱ ይከመራል፣ ይፈሳል፣ ይሰባበራል። ያ ሁሉ ስብርባሪ ማታ ሪፖርት ላይ የሚጻፈው በማን ስም ነው? በሱ። ስቶር በር ላይ ሲደርስ ዓይኑ የሚያየው የፈሰሰ ብስኩት ነው። ይሄ ለምን እንደሚጮኽ ያስረዳሻል። ደንቆሮ ለማለት ግን ፈቃድ አይሰጠውም።

እና ቀድመሽ ድረሺበት። ጠዋት 1:30 ሥራ ሲጀመር አንቺ ወደሱ ሂጂ። «ጋሼ፣ ዛሬ ይሄን ያህል ጥቅል አለ፤ እስከ 5 ሰዓት ይበቃል፤ የሚቀጥለውን 4 ሰዓት ላይ አወጣለሁ» በይው። በቁራጭ ወረቀት ጽፈሽ ብትሰጪው ደግሞ ይሻላል፤ ኪሱ ገብቶ ይውላል። ጯሂ ሰው ድንገተኛ ነገር ነው የሚያሳብደው። በዚህ ብቻ ጩኸቱ ግማሹ ይቀንሳል ብዬ እገምታለሁ። ግማሹ ይቀራል።

ለሚቀረው ግማሽ፣ አንድ ጊዜ ትነግሪዋለሽ። አንድ ጊዜ ብቻ። በጮኸበት ቀን አይሁን፤ ያን ቀን ያንቺም ድምፅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውም ቆሞ ያያል። በማግሥቱ ሰው በሌለበት፣ በሩ ክፍት ሆኖ። አንቱ እያልሽ። «ጋሼ፣ በሥራዬ ካጠፋሁ ይንገሩኝ፣ አስተካክላለሁ። ደንቆሮ ግን አይበሉኝ።» በቃ። አታብራሪ። «እኔ እኮ እንደ ልጅዎ ነኝ» ብለሽ አትጨምሪበት፤ ልጅዎ ነኝ ካልሽው እንደ ልጅ ይቆጣሻል። ተናግረሽ ስትጨርሺ ዝም በይ። ዝምታው ይረዝምብሻል። ይርዘም፤ እሱ ይሙላው።

ቫውቸሩን ቁጭ ብለሽ ለቀምሽው የሚለው ጋ ስደርስ አንጀቴ ነው የተላወሰው። ሁለተኛ ቢወረውር አትልቀሚ። እጅሽን አጣጥፈሽ ቁሚ። «ያንሱልኝና እፈርማለሁ» በይ። ላያነሳው ይችላል፤ ጥሎት ሊሄድም ይችላል። ይሂድ። ከቀን ሠራተኞቹ አንዷ መጥታ ታነሳልሻለች። እነሱ የሚያዩትን አታውቂም፤ ብዙ ያያሉ።

ከዚህ በኋላም ከቀጠለ ደብተር ግዢ። ቀን፣ ሰዓት፣ ያላትን ቃል እንዳለ፣ ማን እንደነበረ። ንዴትሽን እዚያ አትጻፊ፤ እሱን ለጓደኛሽ ንገሪያት። ሦስት አራት ሲሆን ለሰው ኃይል አስተዳደር በጽሑፍ አቅርቢ፤ እንደ ስኳሩ ደብዳቤ በሁለት ቅጂ። የአዋጁ አንቀጽ 12 የሠራተኛን ሰብዓዊ ክብር መጠበቅን የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ከተወካዩ ጋር ግቢ። ከሌላችሁ፣ ማኅበር ለማቋቋም 10 ሠራተኛ ይበቃል፤ ግን ይሄ የዛሬ ራስ ምታትሽ አይደለም። ከፋብሪካው ውጪ አቤት ማለት ካስፈለገሽ ደግሞ አንድ ነገር አትሳቺ። የሚመለከተው የሥራው ቦታ ነው፣ ቤትሽ አይደለም። ፋብሪካው በሸገር ከተማ ሥር ከሆነ እዚያ ያለውን የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ጠይቂ። አዲስ አበባ ብትሄጂ ቀኑን ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ሲልኩሽ ይመሻል።

እጁን ካነሳብሽ ወይም ነገሩ ወደ ወሲባዊ ትንኮሳ ከዞረ የጠዋት ወረቀትም ደብተርም የለም። ያኔ በዚያው ቀን ታመለክቻለሽ። አሠሪው ወይም የሥራ መሪው እንዲህ ያለ ነገር ሲፈጽም አንቀጽ 32 ያለ ማስጠንቀቂያ እንድትለቂ ይፈቅድልሻል። ይሄ መብት በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተሠራበት ያልፋል፤ ለዚህ ነው አትዘግዪ የምልሽ።

«ልክ ልካቸውን ነግረሽ ልቀቂ» ያለችሽን ጓደኛሽን ወደድኳት። ግን ግማሹን ኪራይ ከየት እንደምታመጪ አብራ ነግራሻለች? ደግሞ ስቶር ኪፐር ቦርሳዋን አንጠልጥላ አትወጣም። ርክክብ አለ፣ ክሊራንስ አለ። ዛሬ ተናደሽ ብትቀሪ ነገ የጎደለው ሁሉ «እሷ እያለች ነው» ይባላል። የግዥው ልጅ ጮቤ ይረግጣል። በአዋጁ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጫለሽ። ሳትሰጪ ብትሄጂ እስከ 30 ቀን ደሞዝሽ የሚደርስ ካሣ ሊያስከፍልሽ ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቆጠራው ይለፍ። ከዚያ ሥራ ፈልጊ፣ ደሞዝ እየበላሽ። ከአቃቂ እስከ ዱከም መንገዱ ግራና ቀኝ መጋዘን ነው፤ ካርድ በአግባቡ የምትይዝ ስቶር ኪፐር ይፈልጋሉ። ስትለቂ ርክክቡን በቃለ ጉባኤ አድርጊ፣ አስረካቢም ተረካቢም ታዛቢም ይፈርሙ። የሥራ ልምድ ወረቀትሽን በነፃ ሊሰጡሽ ግዴታ አለባቸው። «ልክ ልካቸውን» መንገሩን ተይው። የመጨረሻ ቀን ንግግር ለተናጋሪው ነው የሚጣፍጠው፤ ሰሚው እስከ ምሳ ይረሳዋል።

የቀረችው ሴትዮዋ ናት። ለሷ ሕግ የለኝም። ምንም አዋጅ ሰርቪስ ውስጥ ስለ ጫማ የሚወራን አሽሙር አይከለክልም።

አሽሙር ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ያንቺን ማጅራትና የሰውን ሳቅ። አንቺ ከፊት ትቀመጫለሽ፣ እሷ ከኋላ። ማጅራትሽን እያየች ትናገራለች፤ ፊትሽን አታይም፤ ሌሎቹ ሁለታችሁንም ያያሉ። ቲያትር ቤት እኮ ነው! ሰኞ ቀደም ብለሽ ውጪና ከጎኗ ተቀመጪ። «እንደምን አደሩ» በያት፣ ጉልበትሽ ከጉልበቷ እስኪነካካ። ጎንሽ ለተቀመጠ ሰው «አንዳንዱ ሰው» ማለት ይከብዳል። ካለችም ዞር ብለሽ፣ ሳትቆጪ፣ «ማንን ነው?» በያት። ስም ጥሪ ሲባል አሽሙር መንገድ ይጠፋዋል። የሚስቁትን ጆሮ ዳባ ልበስ በያቸው። ግማሾቹ ነገ ተረኛ እንዳይሆኑ ፈርተው ነው የሚስቁት።

ዕቁቡን ከዚህ ነገር ጋር አታደባልቂ። በቀኑ ክፈዪ። አንድ ቀን እንኳ እንዳታሳልፊ፤ ነገር ትለዋለች።

ደግሞ ቅር አይበልሽና፣ ለቅሶው ላይ አንቺ ነሽ ያጠፋሽው። ሠርግ ብትቀሪ ይረሳል። ልደት ብትቀሪ ጭራሽ አያስታውሱሽም። እናቱ የሞተበት ሰው ግን ፍራሽ ላይ ተቀምጦ የገባውን ሁሉ ይቆጥራል። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ቆሞ ሄደ። ሰርቪሱ ሙሉ ሰው ገብቶ አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ አይታለች። ከዚያ በፊትም ምላሷ ሰላም አልነበረውም፤ ያን ጽፈሽልኛል፣ አምኜሻለሁ። ከመጋቢት ወዲህ የባሰባት ግን ለምን እንደሆነ ራስሽ ጽፈሽዋል።

ሂጂ። ሁለት ወር አልፏል፣ ተዝካሩም ወጥቷል፤ ቢሆንም ሂጂ። ዘግይቶ ለቅሶ መድረስ ያገራችን ነገር ነው፣ ማንም በሩን አይዘጋብሽም። እሁድ ከሰዓት፣ ሰው ሲቀልላት። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡናና ትንሽ ስኳር ያዢ። (ስኳሩን ከሱቅ ግዢ፣ ደረሰኙንም ያዢ። ቀልዴን ነው። ግን ያዢው።) ያን ቀለም ያለውን ነጠላ ተይና ነጩን ልበሺ። ጓደኛ ይዘሽ አትሂጂ፤ ምስክር ያመጣሽባት ይመስላታል።

«አልሰማሁም ነበር» እንዳትይ። ሰምተሻል፣ እሷም መስማትሽን ታውቃለች። «ነፍሳቸውን ይማር። ሰምቼ ሳልመጣ ቀረሁ፤ አጥፍቻለሁ» በያት። ስለ ሰርቪሱ አታንሺ። ስለ ጫማው አታንሺ። እርቅም አትጠይቂ፤ ለቅሶ ቤት ሽምግልና አይደለም። ስለ እናቷ ካወራችልሽ አዳምጪ። ፎቶ ካሳየችሽ ቶሎ አትመልሺላት፣ ትንሽ ያዢው። ዝም ካለችሽም ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ ቡናው እስኪፈላ ብዙ አይቆይም። ቢያንስ ሁለተኛውን ሳትጠጪ አትነሺ።

አፏ ላይታረም ይችላል። ሰኞ ጠዋት «አንዳንዱ ሰው ሁለት ወር ቆይቶ ለቅሶ ይደርሳል» ልትል ትችላለች። ትበል፤ ከጎኗ ነሽ። እሁድ የት እንደዋልሽ ግን ሰርቪስ ውስጥ ከአንቺ አፍ አይውጣ።